ፈተና ሲደርስ የሚታፈን አፍንጫ

በሌክቸር አዳራሽ ውስጥ እኛን፣ የአፍንጫ አለርጂ ያለብንን፣ ለይቶ ማውጣት ቀላል ነው። ቦርሳችን ውስጥ ከደብተር ቀድሞ የሚገባው ሶፍት ነው። የምንቀመጠው በሩ አጠገብ ነው፤ ማስነጠስ ከጀመርን በአንድ አናቆምማ! ከዓይናችን ሥር ጠቆር ያለ ጥላ አለ። የአፍንጫችንን ጫፍ በመዳፋችን ወደ ላይ እየገፋን እናሻለን። ሐኪሞች ይህችን እንቅስቃሴ «የአለርጂ ሰላምታ» ይሏታል፤ እጅ ወደ ፊት ሲነሳ የወታደር ሰላምታ ይመስላልና። ለዓመታት የደጋገማት ሰው አፍንጫው ላይ አግድም መስመር ይወጣበታል።

ጓደኛ ጠዋት አይቶን «ሌሊቱን ሙሉ ስታነብ አደርክ እንዴ?» ይላል። አላነበብንም። አልተኛንምም።

የሕመሙ የሕክምና ስም አለርጂክ ራይናይቲስ ነው። ዶርም ውስጥ ግን «ሳይነስ አለብኝ» ወይም «አለርጂክ ነኝ» ብለን እናልፈዋለን። ከአዋቂዎች ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑትን ይይዛል ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ ሞልቶ በተቀመጠ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው አፍንጫውን እያሸ እንደሚማር አስቡት። ገዳይ አይደለም። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረውም ለዚህ ይመስለኛል። «ምን አለ፣ ንፍጥ ነው» ይባላል። ንፍጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

አፍንጫ ይለመዳል። እንቅልፍ ማጣት ግን አይለመድም። ጋደም ስንል ወደ አፍንጫችን የውስጥ ሽፋን የሚመጣው ደም ይጨምራል፤ ቀን ላይ በግማሽ ተዘግቶ የነበረው ማታ ጥርቅም ይላል። አፍ ይከፈታል። ጉሮሮ ይደርቃል። ሰውየው ሌሊት በተደጋጋሚ ይባንናል፤ ጠዋት ግን መባነኑን አያስታውስም። የሚያስታውሰው ራሱ እንደከበደው ብቻ ነው። ከዚያ ላይብረሪ ገብቶ አንድ ገጽ ደጋግሞ ያነባል፤ ምንም አይቀርለትም። ተማሪ በዚህ ጊዜ የሚደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፤ «ሰነፍኩ» ይላል። አፍንጫዬ ነው የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

የሚገርመው ሐኪሞቹ ይህን ጉዳይ አልዘነጉትም። አሪያ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ መመሪያ የሕመሙን ክብደት የሚለካው በንፍጥ ብዛት አይደለም። እንቅልፍ ይረብሻል ወይ? ትምህርት ወይም ሥራ ያሰናክላል ወይ? ስፖርትና መዝናኛ ያስቀራል ወይ? ምልክቶቹ ያስጨንቃሉ ወይ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልሱ አዎ ከሆነ ሕመሙ «መካከለኛ ወይም ከባድ» ከሚባለው ክፍል ይገባል። በሳምንት 4 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለተከታታይ 4 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ «የማያቋርጥ» ይባላል። በዚህ መለኪያ እኔ የማውቃቸው «ቀላል ነው» ባዮች አብዛኞቹ ከባዱ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ውስጣችን ምን እንደሚካሄድ ማወቅ ለሕክምናው ስለሚጠቅም ትንሽ ልቆይበት። ሰውነታችን ምንም የማይጎዳውን ነገር፣ የአበባ ብናኝን ወይም የአቧራ ተባይን፣ እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። አይ-ጂ-ኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል። ይህ አይ-ጂ-ኢ ማስት ሴል በተባሉ ሕዋሳት ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ያ ብናኝ ተመልሶ ሲመጣ ማስት ሴሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ማሳከክ፣ ማስነጠስ፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ንፍጥ፣ ዓይን ማልቀስ የዚህ ውጤት ነው።

ነገሩ ግን እዚያ አያልቅም። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ሁለተኛ ማዕበል ይመጣል። ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፤ ሽፋኑ ያብጣል፤ አፍንጫ ይታፈናል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አሮጌ መጽሐፍ ስናገላብጥ የሳብነው አቧራ ዋጋውን የሚያስከፍለን ማታ አልጋ ላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አፍንጫ በየቀኑ እየተቆጣ ሲሄድ ይበልጥ ስስ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ምንም ያላደረገን ትንሽ ብናኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊጥለን ይችላል። የክፍል ጓደኛ የሚቀባው ሽቶ ወይም የሲጋራ ጭስ አለርጂ ባይሆንም፣ አንዴ የተቆጣ አፍንጫን የበለጠ ያስቆጣል።

ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሕመም የተመቸ ቦታ ነው። ዶርም ስትገቡ የሚሰጣችሁ ፍራሽ ከእናንተ በፊት ስንት ተማሪ እንዳሳደረ ማን ያውቃል? ፍራሹ ውስጥ ደግሞ ነዋሪ አለ። የአቧራ ማይት ትባላለች፤ ቀደም ብዬ የአቧራ ተባይ ያልኳት። ርዝመቷ የአንድ ሚሊ ሜትር ሢሶ ገደማ ነው። የምትመገበው ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ቅርፊት ነው። ውሃ አትጠጣም፤ እርጥበቱን ከአየር ትስባለች። ስለዚህ የክፍሉ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሲወርድ ትቸገራለች። ብዙ ሰው በሚያድርበት፣ የታጠበ ልብስ በሚሰጣበት፣ መስኮት በማይከፈትበት ክፍል ግን ይመቻታል። አለርጂ የሚሆንብን በዋናነት ኩሷ ነው። ይቅርታ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። በቤት አቧራ ውስጥ ዋናዋ ጥፋተኛ እሷ መሆኗን የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። ከዚያ በፊት ሰዉ የሚያማርረው «አቧራ» ብሎ በጅምላ ነበር።

የሚመከረው አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ማጠብ ነው። ማይቷ በዚያ ሙቀት ትሞታለች። ሙቅ ውሃ የሚያገኝ ተማሪ ስንት ነው? ቢሆንም በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብም ከንቱ ልፋት አይደለም። ማይቶቹ ይተርፋሉ፤ ያ አለርጂ የሚያመጣው ነገር ግን አብዛኛው ታጥቦ ይሄዳል። ፍራሽና ትራስን ድርና ማጉ ጥብቅ ባለ ልባስ መሸፈንም አለ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥም፤ ልባስ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ድመት የሌለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ የድመት አለርጂ ሊነሳ ይችላል። ድመት ያለው ሰው በልብሱ ይዞት ይመጣል። ጓደኛን «ልብስህን ቀይር» ማለት ይከብዳል፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ከግራ መጋባት ያድናል።

አሁን ወደ ሕክምናው። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነው።

በኔ ጊዜ የግቢው ክሊኒክ ውስጥ መልሱ የታወቀ ነበር። አፍንጫ ተዘጋ ስትሉ «ሳይነስ ነው» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይጻፍላችኋል። በሚቀጥለው ሴሚስተርም እንዲሁ። ያሳክክሃል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ይገድላል፤ አለርጂ ላይ ሥራ የለውም። ጉንፋንም ላይ የለውም፤ እሱ የቫይረስ ነገር ነው። ልዩነቱን ለማወቅ የሚያስፈልጉት ጥያቄዎች ከባድ አይደሉም። አፍንጫን፣ ዓይንን፣ ላንቃን የሚበላችሁ ከሆነ ወደ አለርጂ ያደላል። ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ካለ ወደ ጉንፋን ያደላል። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይለቃል፤ አለርጂ ግን ወር ይከርማል። ንፍጥ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ባክቴሪያ ነው ማለትም አይቻልም። ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ የሚዘጋ፣ ደም የተቀላቀለበት ወይም ከፊት ሕመምና ከትኩሳት ጋር የመጣ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

ክሊኒክ መሰለፍ ያልፈለገው ተማሪ ደግሞ ወደ ጓደኛው ይዞራል። ዶርም ውስጥ ሁልጊዜ መድኃኒት የማያጣ ሰው አለ። ከቦርሳው አንዲት ትንሽ ኪኒን ያወጣል። «ይቺን ዋጥ አድርገህ ተኛ፣ ጠዋት ሰው ትሆናለህ» ይላል። ኪኒኗ አብዛኛውን ጊዜ ክሎርፌኒራሚን ናት። አንዳንዴ ዳይፈንሃይድራሚን። ሁለቱም የመጀመሪያው ትውልድ ፀረ ሂስታሚን ይባላሉ። ይሠራሉ። ማስነጠሱን ያቆማሉ፤ ንፍጡን ያደርቃሉ። ችግሩ ወደ አንጎልም መግባታቸው ነው። አንጎል ውስጥ ሂስታሚን ሥራ አለው፤ ንቁ ሆነን እንድንውል ያደርጋል። እሱን ስታፍኑት እንቅልፍ ይመጣል።

«እንቅልፍ ቢመጣ ምን አለበት፣ ማታ ነው የምወስደው» ይላል ተማሪ። እኔም ይህን ክርክር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ደግሞም አሳማኝ ይመስላል። ነገር ግን ክሎርፌኒራሚን በሰውነት ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ ብዙ ጊዜ 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ማታ በ4 ሰዓት የዋጣችኋት ኪኒን በማግስቱ የጠዋት ፈተና ላይ አብራችሁ ትቀመጣለች። በዚያ ላይ እነዚህ መድኃኒቶች የሚያመጡት እንቅልፍ እንደ ጤነኛው እንቅልፍ አይደለም። ሕልም የምናይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያሳጥራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት አለ፤ ይህን ጉዳይ በተነሳ ቁጥር የማነሳው። ከ1,800 በላይ የሚሆኑ ከ15 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ተማሪዎችን ነው ያየው። በክረምት የወሰዱትን የልምምድ ፈተናና በበጋ፣ ማለትም የሣር ብናኝ በሚበዛበት ወቅት የወሰዱትን ዋና ፈተና አነጻጸረ። በፈተናው ወቅት የአለርጂ ምልክት የነበረባቸው ተማሪዎች ከክረምቱ ውጤታቸው ዝቅ የማለት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ40 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። የሚያስተኛውን ዓይነት ፀረ ሂስታሚን ሲወስዱ የነበሩት ላይ ደግሞ ልዩነቱ 70 በመቶ ገደማ ደረሰ። አንብቡት እንደገና። መድኃኒት ወስደው ነው የባሰባቸው።

ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ በአዮዋ የተሠራ ሌላ ጥናት አለ። ሰዎችን በመኪና መንጃ ማስመሰያ ላይ አስቀምጠው ዳይፈንሃይድራሚን ሰጧቸው። በሌላ ቀን አልኮል ሰጧቸው። በሌላ ቀን ፌክሶፌናዲን የተባለውን አዲሱን መድኃኒት፣ በሌላ ቀን ባዶ ኪኒን። ዳይፈንሃይድራሚን የወሰዱ ቀን የነዱት ከአልኮሉ ቀን የባሰ ነበር። በፌክሶፌናዲን ግን አነዳዳቸው ከባዶ ኪኒኑ ቀን አልተለየም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። ሰዎቹ እንቅልፍ እንቅልፍ እንዳላቸው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ በትክክል ምን ያህል እንደደነዘዙ አያሳይም ነበር። «እኔን አያስተኛኝም» የሚለው ሰው ራሱን እየለካ ያለው በማይለካ ነገር ነው።

ሁለተኛው ትውልድ የሚባሉት ሎራታዲን፣ ሴትሪዚንና ፌክሶፌናዲን ናቸው። ወደ አንጎል የሚገቡት በጣም ጥቂት ነው፤ ፌክሶፌናዲን ጭራሽ የለም በሚባል ደረጃ። ሴትሪዚን አንዳንድ ሰው ላይ ትንሽ ያስተኛል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተና ዋዜማ አይሞከርም። ፌክሶፌናዲን የሚወሰደው በውሃ ነው። የብርቱካን፣ የፖም ወይም የግሬፕፍሩት ጭማቂ ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን በጣም ይቀንሰዋል። ይህን ካርቶኑ ላይ የሚያነብ ሰው ብዙ አይደለም።

እነዚህ ኪኒኖች ማሳከክን፣ ማስነጠስንና የሚወርድ ንፍጥን ጥሩ አድርገው ይይዛሉ። መታፈንን ግን እምብዛም። እንቅልፍ የሚነሳን ደግሞ መታፈኑ ነው። ስለዚህ «ኪኒኑ አልሠራልኝም» የሚለው ተማሪ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ለሌላ ሥራ የተሠራ መድኃኒት ነው የያዘው።

መታፈኑ ሲያንገሸግሸው ወደሚከፍተው ስፕሬይ ይሄዳል። ኦክሲሜታዞሊን ወይም ዛይሎሜታዞሊን። እነዚህ የአፍንጫን የደም ሥሮች ያጠብባሉ። በደቂቃዎች ውስጥ አየሩ ውልል ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ተዘግቶ ለከረመ ሰው ከዚህ የበለጠ ደስታ ጥቂት ነው። ወጥመዱም እሱ ነው። ከ3 እስከ 5 ቀን ካለፈ አፍንጫው ይለምደዋል። መድኃኒቱ ሲለቅ ከበፊቱ ብሶ ይዘጋል። ሰውየው ደግሞ ይነፋበታል። አብሮኝ ዶርም የነበረ ልጅ ብልቃጡን ትራሱ ሥር አድርጎ ነበር የሚተኛው፤ ሲጠፋበት መብራት አብርቶ ሁላችንንም ይቀሰቅሳል። ይህ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ከመድኃኒት የመጣ ራይናይቲስ። መውጫው ስፕሬዩን ማቆም ነው። አብዛኛውን ጊዜ በስቴሮይድ፣ ማለትም የአፍንጫን እብጠት በሚያበርድ፣ ስፕሬይ እየታገዙ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው።

በጉንፋን ኪኒኖች ውስጥ የሚገባው ፌኒሌፍሪን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች በሙሉ ድምፅ አንድ ነገር አሉ። በአፍ ሲወሰድ የታፈነ አፍንጫን አይከፍትም።

እንግዲህ ዋናው መድኃኒት የትኛው ነው? የስቴሮይድ የአፍንጫ ስፕሬይ ነው። ፍሉቲካሶን፣ ሞሜታሶን፣ ቡዴሶናይድ፣ ቤክሎሜታሶን። ለማያቋርጠውና ለከባዱ ዓይነት ከሁሉ የተሻለው መድኃኒት እሱ ስለመሆኑ መመሪያዎቹ ብዙም አይለያዩም። መታፈኑንም፣ ማሳከኩንም፣ ማስነጠሱንም ይይዛል። ዓይን ላይም ይረዳል። ዶርም ውስጥ ግን ከሁሉ ያነሰ ደጋፊ ያለው እሱ ነው። አንደኛ «ስቴሮይድ» የሚለው ቃል ያስፈራል። ፍሉቲካሶንና ሞሜታሶን ሲነፉ ግን ወደ ደም የሚገባው 2 በመቶ አይሞላም። በኪኒን ወይም በመርፌ ከሚሰጠው ስቴሮይድ ጋር አይነጻጸርም። ሁለተኛ፣ ወዲያው አይሠራም። መጠነኛ ለውጥ በመጀመሪያው ቀን ሊታይ ይችላል፤ ሙሉ ኃይሉ ግን ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

ተማሪ ደግሞ ይህን አይወድም። እኛ የለመድነው የፈተና ዋዜማ ቁጭ ብለን መሸምደድ ነው። ስፕሬዩ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንደሚያነብ ተማሪ ነው፤ ዛሬ ደህና ብትሆኑም ትነፋላችሁ። ታፍናችሁ ስታድሩ ብቻ አንስታችሁ ከነፋችሁት ጥቅሙ ያንሳል፤ ከዚያ «ሞክሬው አልሠራም» ትላላችሁ። በየዓመቱ በአንድ ወቅት የሚነሳባችሁ ከሆነ ወቅቱ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ መጀመር ይመከራል። ፈተናችሁ ከአለርጂ ወቅታችሁ ጋር የሚገጥም ከሆነ ቀኑን ከወዲሁ ቆጥሮ መያዝ ነው። ኮርስ ስንመዘገብ የፈተናውን መርሐ ግብር አይተን አይደል? ያኔ ነው ስፕሬዩም የሚታሰበው።

አነፋፉም ጥበብ አለው፤ ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ብልቃጡ ይናወጣል። አዲስ ከሆነ እስኪረጭ ድረስ አየር ላይ ይሞከራል። አፍንጫ ይጸዳል። አንገት ትንሽ ወደ ፊት ይደፋል፤ ወደ ኋላ አይንጋለልም። ለቀኙ ቀዳዳ ግራ እጅን፣ ለግራው ቀኝ እጅን ተጠቀሙ። እንዲህ ስታደርጉ ጫፉ ከመካከለኛው ግድግዳ ርቆ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዞራል። ግድግዳው ላይ ከተነፋ ይደርቃል፤ ነስር ያመጣል። ከዚያ በቀስታ መሳብ ነው። በኃይል ከማገችሁት ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ መራራ ጣዕሙን ትቀምሳላችሁ እንጂ አፍንጫችሁ ምንም አያገኝም። ብልቃጥ መዋዋስ ደግሞ የለም። ዶርም ውስጥ ጫማም ሻርፕም እንዋዋሳለን፤ አፍንጫ ውስጥ የገባ ነገር ግን ይቅር። የሚረሳ ሰው ብልቃጡን ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ ያስቀምጠው። ለኔ የሠራው ይህ ነው።

ስቴሮይዱ ብቻውን ካልበቃ አዜላስቲን የሚባል ፀረ ሂስታሚን ያለበት ስፕሬይ ይጨመራል፤ ሁለቱ በአንድ ብልቃጥም ይገኛሉ። በጨው ውሃ አፍንጫን ማጠብ ርካሽና ጠቃሚ ነው። ውሃው ግን ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ የታሸገ ዲስቲልድ ውሃ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ቢጠጡት ምንም የማያደርግ፣ በአፍንጫ ሲገባ ግን አንጎል የሚደርስ አሜባ ሊኖርበት ይችላል። በጣም ብርቅ ነው፤ ሲደርስ ግን ይገድላል። ውሃ ማፍላት ደግሞ ያን ያህል ሥራ አይደለም።

ሁለት ነገሮች ላይ ተጠንቀቁ። አንዱ ሞንቴሉካስት ነው። የአስም መድኃኒት ነው፤ ለአፍንጫ አለርጂም ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሳጥን ውስጥ የሚጻፈውን ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጨመረበት። ቅዠት፣ ድብርት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ጭምር ሊያመጣ ይችላል። ለቀላል የአፍንጫ አለርጂ ሌላ አማራጭ እያለ እሱ አይመረጥም። በፈተና ሰሞን የተጨነቀ ተማሪ ስሜቱ ሲለዋወጥ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ይህን በተለይ ልብ በሉ። ሌላው «አንዴ ተወግተህ ዓመቱን ትገላገላለህ» የሚባልለት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የስቴሮይድ መርፌ ነው። መመሪያዎቹ ለዚህ ሕመም አይመክሩትም። ጉዳቱ መላ ሰውነትን ይነካል።

አስምን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አፍንጫና ሳንባ አንድ መንገድ ናቸው። አስም ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአፍንጫ አለርጂም አለበት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 2016 ሜልበርን ከተማ ላይ በሣር ብናኝ ወቅት ነጎድጓዳማ ዝናብ ወረደ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መተንፈስ አቅቷቸው ሆስፒታል ጎረፉ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። ከታመሙት ብዙዎቹ ቀድሞ የሚያውቁት አስም አልነበረባቸውም። የአፍንጫ አለርጂ ግን ነበረባቸው። ሌሊት የሚያስላችሁ፣ ስትሮጡ ደረታችሁ የሚጨንቅ ወይም የሚያፏጭ ከሆነ ለሐኪሙ ስለ አፍንጫችሁ ብቻ ነግራችሁ አትውጡ።

ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ ደግሞ ኢሚዩኖቴራፒ አለ። አለርጂ የሚሆንብንን ነገር በትንሽ በትንሹ እየሰጡ ሰውነትን ማለማመድ። ሐሳቡ አሮጌ ነው። ሊዮናርድ ኑን የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ የሣር ብናኝ ጭማቂ በመርፌ እየሰጠ ያገኘውን ውጤት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ዛሬ በመርፌም፣ ከምላስ ሥር በሚቀመጥ ኪኒን ወይም ጠብታም ይሰጣል። ቢያንስ 3 ዓመት ይፈልጋል፤ ዲግሪ ከመያዝ ጋር ይቀራረባል። ጥቅሙ ካቆሙት በኋላም ለዓመታት መቆየቱ ነው። ሌሎቹ መድኃኒቶች ይህን አያደርጉም።

ለዚህ ግን የቱ ነገር እንደሚያስቆጣን መታወቅ አለበት። የቆዳ ምርመራው ክንድ ላይ ጠብታ አድርጎ ቆዳውን በትንሹ ወጋ ማድረግ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል፤ 3 ሚሊ ሜትር የሚያህል ወይም የሚበልጥ እብጠት ከወጣ እንደ አዎንታዊ ይቆጠራል። ከምርመራው በፊት ፀረ ሂስታሚን ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዱን እስከ ሳምንት፣ ማቆም ያስፈልጋል። የስቴሮይድ ስፕሬዩ ግን አይቆምም። ስለዚህ ቀጠሮውን ከፈተና በኋላ አድርጉት፤ ያለ ኪኒን ፈተና መቀመጥ አያስፈልግም። ክንድ ላይ ያበጠ ሁሉም ያማል ማለት ስላልሆነ ሐኪሙ ውጤቱን ከታሪካችሁ ጋር ያመሳክራል። የት ስትሆኑ እንደሚነሳ፣ በየትኛው ወር፣ ጠዋት ወይስ ማታ፣ ዶርም ወይስ ቤተሰብ ጋ ስትሄዱ፣ ይህን በስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ከአሁኑ መጻፍ ጀምሩ።